ጋሽ ለብልብ ሳያቃጥሉ ያስቀሩት ፍሬም

ስም የሚያወጡት እናትና አባት ናቸው ይባላል። ውሸት ነው። እናትና አባት ያወጡት ስም መታወቂያ ላይ ይቀራል፤ ሰፈር ያወጣው ግን እስከ መቃብር ይከተላል። ጋሽ ለብልብንም እናታቸው ለብልብ አላሏቸውም። ያሏቸው ንብ አርቢዎች ናቸው። አሮጌ ቀፎ ተሸክሞ የመጣ ሰው ሁሉ በራቸው ላይ ቆሞ «ጋሼ፣ ይኼ ምን ይሻለዋል?» ሲላቸው መልሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ለብልበው።» ሰውዬው «ኧረ ደህና ነው፣ አምና የተገዛ እኮ ነው» ብሎ ከተከራከረ ደግሞ፣ «እንግዲያው በደንብ ለብልበው» ይሉታል። በቃ፣ ስሙ እንደዚያው ተጣበቀ።

የልጃቸው ሚስት እዚያ ግቢ ስትገባ ስለ ንብ የምታውቀው ነገር ቢኖር ስትናደፍ እንደምታሳምም ብቻ ነበር። ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ሳምንት ሄዶ አንድ ቀን የሚያድር ዓይነት። ስለዚህ ሙሽሪት ቤቱን የተላመደችው ከባሏ ጋር ሳይሆን ከአማቷ ጋር ነው። ሙሽሪት የሚሏትም እሳቸው ናቸው፤ ሠርጉ ካለፈ ዓመታት ቢቆጠሩም ጥሪውን ሊተዉት አልቻሉም። ግቢው ሁለት ክፍል ቤት፣ ከኋላ ቆርቆሮ የለበሰ ትልቅ መጋዘን፣ ከመጋዘኑ ፊት ለፊት የተቆፈረ ጉድጓድ፣ ከጉድጓዱ አጠገብ በሦስት ድንጋይ ላይ የተጎለተ በርሜል አለው። የቀረው ቦታ ሁሉ በሰው ቀፎ የተሞላ ነው። አንዱን ሻጋታ በልቶታል፣ አንዱ ውስጥ አይጥ ወልዳበታለች፣ አንዱ ደግሞ ከውጭ ሲያዩት አዲስ ይመስላል። «ከሁሉም የምፈራው ይኼን አዲስ መሳዩን ነው» ይላሉ ጋሽ ለብልብ።

ሥራው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ቀፎውን በመሮ ይፍቁታል። ንቦች ስንጥቅ የሚደፍኑበት ቡናማ ሙጫ አለ፤ ሲበርደው ድንጋይ፣ ሲሞቀው ማስቲካ ይሆናል። እሱ ከየማዕዘኑ ተፍቆ ሳያልቅ ወደ ሌላ አይታለፍም፤ «ቆሻሻ ላይ እሳት ብታነጂ ቆሻሻውን ነው የምታበስይው» ይላሉ። የተፋቀው ተጠርጎ ጉድጓድ ይገባል፤ አንዲት ፍርፋሪ መሬት ላይ ከቀረች የዚያን ቀን ሰላም የለም። ከዚያ የብረቱ ዕቃ፣ ጭስ ማጨሻው፣ መሮው ሳይቀር ኮስቲክ ሶዳ በገባበት የፈላ ውሃ በርሜል ውስጥ ይቀቀላል። ጋሽ ለብልብ እስከ ክርን የሚደርስ የጎማ ጓንት አጥልቀው፣ መነጽር አድርገው በረዥም እንጨት ያማስሉታል። እዚያ በርሜል አጠገብ ቀልድ የለም። ሶዳው ውሃው ላይ ይጨመራል እንጂ ውሃው ሶዳው ላይ አይጨመርም፤ ይህን የተሳሳተ ሰው ሁለተኛ አይሳሳትም፣ ዓይን የለውማ።

መጨረሻ ላይ እሳቱ ይመጣል። የጋዝ ሲሊንደር፣ ረዥም ጎማ፣ ጫፉ ላይ ነበልባል የሚተፋ ቧንቧ። ሙሽሪት ይህን መጀመሪያ ያየች ቀን የምታጥበውን ልብስ ሳፋ ውስጥ ትታ ነው ቆማ የቀረችው። ነበልባሉ የቀፎውን ሆድ ሲነካው ለጥቂት ጊዜ ምንም አልሆነም። ንጹሕ ነበር፤ እሷ ራሷ ፍቃ፣ ጠርጋ፣ በእጇ ዳስሳ ንጹሕ ነው ብላ ነበር። ድንገት ከእንጨቱ ጅማት ውስጥ፣ ማንም ካላየው ቦታ፣ ሰም እየተንጨረጨረ ይወጣ ጀመር። ሙጫው አረፋ ደፈቀ። ያ ጭር ያለ ጣውላ የደበቀውን ሁሉ ተናዘዘ። ከዚያ ቀስ እያለ የዳቦ ቅርፊት መልክ ያዘ፤ ጋሽ ለብልብም እሳቱን ወደሚቀጥለው ጣውላ አሻገሩ። ከዚያ በፊት ቢያቆሙ አልጸዳም፤ ትንሽ ቢያልፉ ደግሞ ከሰል ነው። ሙሽሪት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ዕድሜዋን ሙሉ ንጹሕ ያለችው ነገር ሁሉ ትዝ አላት፤ ማንን ስታታልል ኖራለች?

የጎረቤት አናፂ ከአጥር ማዶ ሆኖ መተረብ ልማዱ ነው። «ጋሼ፣ አሁንስ አበዙት። እሳት ካየው ምን ለየው» አላቸው አንድ ቀን፣ የለበለቡትን ደግመው ሲለበልቡ አይቶ።

«ያ የራበው ሰው ተረት ነው» አሉት ዞር ሳይሉ። «እሳት ማየትና እሳት መግባት ይለያያል።»

ይህ ሁሉ ልፋት በአንዲት በሽታ ምክንያት ነው። የንብ ልጆችን በተኙበት የምታበሰብስ በሽታ አለች። ትልልቆቹን አትነካም፤ ጨቅላዎቹን ብቻ ነው የምትገድለው፤ ልጅ ያልተካ ቀፎ ደግሞ ያልቃል። ዘሯ በዓይን አይታይም። ጋሽ ለብልብ የማታረጀዋ ይሏታል፤ ስሟን ሲጠሩም ድምፃቸው ዝቅ ይላል፣ ትልቅ ሰው በር ላይ የቆመ ይመስል። «እኔ ሳልወለድ እንጨት ውስጥ ገብታ ብትተኛ እኔ ከሞትኩ በኋላ ተነስታ ትሠራለች። ብርድ አይገድላት፣ ፀሐይ አይገድላት፣ በረኪና ያስቃታል። ፈጣሪ ለእኛ የነፈገንን ዕድሜ ለእሷ ሰጣት። ምን ይባላል?» ሙሽሪት ከዚያ ወዲያ ደረቅ ጣውላ ባየች ቁጥር ሰውነቷን ይነዝራት ጀመር። እንዲህ ያለ ትንሽ ነገር፣ እንዲህ ያለ ትዕግሥት።

ሳጥኑ ይለበለባል። ንቦች የሰም እንጀራቸውን የሚሠሩበት የእንጨት ማዕቀፍ፣ ፍሬም የሚሉት፣ ከታመመ ቀፎ ከወጣ ግን አይታጠብም፣ አይቀቀልም፤ ጉድጓድ ገብቶ ነዶ አፈር ይለብሳል። የአባት ይሁን የአያት፣ ምሕረት የለም። አንድ ትልቅ ሰውዬ የሟች አባቱን ፍሬሞች ይዞ መጥቶ እንደ ሕፃን ሲያለቅስባቸው ሙሽሪት በዓይኗ አይታለች። ጋሽ ለብልብ ትከሻውን መታ መታ አደረጉና «አንተ አልቅስ ልጄ፤ እኔ ላንድድ» አሉት። አነደዱም።

ሌላው የግቢው ሕግ ንብ እንዳይኖር ነው። ሰው ምክንያቱ ሥራው ይመስለዋል፤ የታመመ ማር የላሰች ንብ ሕመሙን ቤቷ ይዛው ትገባለችና። እውነት ነው፤ ግን ሙሉው እውነት አይደለም። ድሮ የንብ ሰው ጋሽ ለብልብ ሳይሆኑ ሟች ባለቤታቸው ነበሩ። ጋሽ ለብልብ በያጅ ነበሩ። የማታረጀዋ ገብታ የሴትዮዋን ንብ ሁሉ ፈጀችው፤ በዚያው ዓመት ሴትዮዋም በሌላ ሕመም አረፉ። ከዚያ በኋላ ነው ሰውዬው ብየዳውን ትተው እሳታቸውን ወደ ቀፎ ያዞሩት። ለምን ብሎ የጠየቃቸው የለም፤ እሳቸውም ሆድ ይፍጀው ብለው ተዉት።

እንዲህ እያለ አንድ ረፋድ ላይ መንጋ መጣ። ሙሽሪት ልብስ ስታሰጣ ሰማዩ አጉረመረመ፤ ቀና ስትል ፀሐዩ ሁሉ ንብ ሆኗል። ዞረው ዞረው የልብስ ገመዱ የታሰረበት ምሰሶ ላይ አንድ ላይ ተንጠለጠሉ፤ ረዥም ጺም ይመስላሉ። አልሮጠችም። ከሥራቸው ቆማ አንገቷን አቅንታ ቀረች። በዚያ ግቢ ያለው ነገር ሁሉ ባለቤት አለው፤ ቀፎው የሰው፣ ድስቱ የሟች የባሏ እናት፣ መጋረጃው እንኳ እሳቸው የሰፉት ነው። ለእሷ ብሎ የመጣ ነገር ቢኖር ይህ የመጀመሪያው ነው። ልቧ በደስታ ሊፈነዳ ደረሰ።

«አባባ፣ መጡልኝ» አለች።

«እዚህ ግቢ ንብ አይኖርም።»

«እኔስ እዚሁ እኖር የለ?»

 ጋሽ ለብልብ መጋዘን ገቡና የተለበለበ ቀፎ ይዘው ወጡ። ቦታው የአናፂው ግቢ ጥግ ሆነ። አናፂውም «ማሩ ለእኔ፣ ንድፊያው ለእናንተ» ብሎ ተስማማ።

የሚቀጥለው ቀን ግን ንቦቹ አልረጋ አሉ። ይወጣሉ፣ ይገባሉ፣ በር ላይ ይተራመሳሉ። ባዶ ቤት የገባ መንጋ ሀሳቡን ቀይሮ ሊበር ይችላል። ሙሽሪት ደግሞ ከሚመጡት ንብ አርቢዎች የሰማችው አንድ ብልሃት ነበር፤ የተሠራ የሰም እንጀራ ያለው ፍሬም ብታገቢላቸው የትም አይሄዱም የሚል። ጋሽ ለብልብ ሲሊንደር ሊያስሞሉ ወጥተዋል። መጋዘኑ ውስጥ፣ ከጣሪያው አግዳሚ ላይ፣ በነጭ አንሶላ ተጠቅልሎ የተንጠለጠለ ነገር ታውቃለች። አወረደችው። ፍሬም ነው፤ እንጀራው ሙሉ፣ ደረቅ፣ ማዕዘኑ ላይ ቀይ ክር የታሰረበት። አባባ እንዲህ ጠቅልለው ካስቀመጡት ከሁሉም የጸዳው ይኼ መሆን አለበት ብላ አሰበች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እሷ ማፍሰሷንም አላወቀችም። አስገባችላቸው፣ ረጉ፣ ደስ አላት፣ ነገሩንም ረሳችው።

ንቦቹ በረቱ። ጋሽ ለብልብ ቀፎውን አይከፍቱም፤ ነገር ግን ማምሻውን አጥሩን ተደግፈው ድምፁን ሲያዳምጡ ሁለት ሦስቴ ተይዘዋል። «ምን ፈልገው ነው?» ስትላቸው «አናፂውን ፈልጌ» ይላሉ፤ አናፂው ሄዶ ተኝቷል።

ሳምንታት አልፈው ሙሽሪት አንድ ቀን ቀፎዋን ከፍታ አይታ ስትመለስ አማቷ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ጫማ ያስራሉ። አጠገባቸው አለፈች። እጃቸው ክሩ ላይ ቆመ።

«ጓንትሽ ምን ይሸታል?»

«የአናፂው ሙጫ ሽታ ነው አባባ። ቀፎው ሁሉ እሱን እሱን ይላል።»

«አናፂው ዛሬ ሥራ አልገባም።»

የማታረጀዋ ሙጫ ሙጫ እንደምትሸት ያውቃሉ። ከኪሳቸው ክብሪት አውጥተው፣ የአንዱን እንጨት ራስ ሰብረው ጣሉና ወደ ቀፎው ሄዱ፤ እሷም ተከተለቻቸው። የመጀመሪያውን ፍሬም አወጡ። ልጆቹ የተኙባቸው ክፍሎች ክዳናቸው ሰርጉዷል፣ አንዳንዱ ተበስቷል። ክብሪቱን አንዱ ውስጥ ከተው አዞሩና ቀስ አድርገው ሳቡት። ቡናማ ዝልግልግ ክር ተከትሎ ወጣ፤ ተሳበ፣ ተሳበ፣ አልበጠስ አለ። ሙሽሪት ያየችው ምን እንደሆነ ማንም ሊነግራት አላስፈለገም።  ያ የማይታየው፣ እንቅልፋሙ፣ እነሆ በክብሪት ጫፍ ላይ ተንጠልጥሏል።

ሁለተኛውን ፍሬም ሲያወጡ ቀዩን ክር አዩ። ክው አሉ።

«ይኼን ማን አወረደው?»

«እኔ ነኝ አባባ። ንጹሕ መስሎኝ… እንዳይሄዱብኝ ብዬ።»

ይቆጣሉ ብላችሁ የጠበቃችሁት እሳት አልመጣም። ሽማግሌው ቀስ ብለው መሬት ላይ ቁጭ አሉ። «አወረድሽው እንጂ የሰቀልኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ባለቤቴ በእጇ ያስገባችው የመጨረሻ ፍሬም ነው። ክሩንም ያሰረችው እሷ ናት። ሌላውን ሁሉ አነደድኩ፤ ይኼን ግን… እጄ እንቢ አለ። ማንም አይነካውም፣ ተኝቶ ይኖራል አልኩ። የማታረጅ መሆኗን ለሰው ሁሉ እየነገርኩ።» እንግዲህ ተመልከቱ፤ የሰውን አባት ቅርስ ሲያነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ሰው ለሌላው ጨክኖ ለራሱ ሲደርስ አንጀቱ ቄጤማ የሚሆነው ለምንድን ነው? እኔ አላውቅም፤ እናንተም የምታውቁ አይመስለኝም።

ሕጉ ግልጽ ነው። ሲመሽ፣ ንቦቹ ሁሉ ሲገቡ፣ በሩ ተዘግቶ ነዳጅ ይርከፈከፍና ሁሉም አንድ ላይ ይነዳል። ጋሽ ለብልብ ተነስተው ጀሪካኑን አመጡ። ሙሽሪት አልለመነችም። ያን ቀን ከሰማይ የመጡላትን ግን በገዛ እጇ ማጥፋቷ ነው።

«እኔ ላንድድ» አለች። «ጥፋቱ የኔ ነው። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። የታመሙት ንቦቹ ናቸው ወይስ ቤታቸው?»

ጋሽ ለብልብ ጀሪካኑን መሬት ላይ አስቀመጡ። «ቤታቸው» አሉ። «እና ልጆቹ። እና በሆዳቸው የያዙት ማር።»

«ቤቱን ብናሳጣቸውስ?»

እንዲህ የሚያደርጉ እንዳሉ ሰምተዋል፤ ሲደረግ ግን አላዩም። ንቦቹን ከነበራቸው ሁሉ አራግፎ፣ አዲስ በተለበለበ ባዶ ቀፎ መክተት፣ የሆዳቸውን ማር ሰም እየሠሩበት እስኪጨርሱ ዘግቶ ማቆየት፣ ያን የሠሩትንም ወስዶ ማንደድ። ከዚያ እንደገና ከባዶ። «ሊሞቱ ይችላሉ» አሉ። «ካልሞቱም፣ አንዲት የታመመች ልጅ ካየሁ አቃጥላለሁ። ያን ጊዜ ልመና የለም።»

«የለም» አለች።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጀመሩ። አናፂው ተረቡን ትቶ አዲስ ፍሬሞች ሠርቶ አመጣ፤ እያንዳንዱ ላይ ጣት የምታህል የሰም ጠርዝ ብቻ አለች፣ ለመነሻ ያህል። ጋሽ ለብልብ ሳጥኑን በዚያች ቀን ሁለት ጊዜ ለበለቡት፤ ማንም አበዙት አላላቸውም። ሙሽሪት ፍሬም ታወጣለች፣ በአንድ ምት ትመታዋለች፣ ንቦቹ እንደ ጥሬ ይዘረገፋሉ፤ እሳቸው እንጀራውን ወደ ጉድጓዱ ይወስዳሉ። ማር፣ ልጅ፣ የለፉበት ሁሉ። ባለቀይ ክሩን መጨረሻ ላይ ወሰዱት። ራሳቸው ወሰዱት፣ ራሳቸው ጣሉት፣ እሳቱንም ራሳቸው ለኮሱ። ሰሙ ቀልጦ እንደ ውሃ እስኪወርድ ድረስ ፊታቸውን አላዞሩም።

ጥቂት ቀናት አልፈው ሲከፍቱ ንቦቹ አልሞቱም። እግር ለእግር ተያይዘው እንደ ሰንሰለት ተንጠልጥለዋል፤ ከዚያች ጣት ከምታህል ጠርዝ መዳፍ የሚያህል ነጭ እንጀራ አውርደዋል። ሙሽሪት እንዲህ ያለ ነጭ አይታ አታውቅም። «ሰሙን ከየት አመጡት? ዘግተንባቸው የለም እንዴ?» አለች።

«ከሆዳቸው» አሉ ጋሽ ለብልብ። «ከሰውነታቸው ነው የሚያወጡት። ሌላ ምን አላቸው?»

ያንንም ወሰዱባቸው። ከመጀመሪያው ይልቅ ይኼኛው ከበዳት፤ ነጩ ነገር ጉድጓድ ውስጥ ሲጨማደድ አለቀሰች፣ እሳቸውም «አልቅሺ» የሚል ቃል አልወጣቸውም። ንቦቹ ግን አላኮረፉም። በሦስተኛው ባዶ ቤት፣ በስኳር ውሃ ብቻ፣ እንደገና እግር ለእግር ተያያዙ። እሷ በየማለዳው ጆሮዋን ቀፎው ላይ ለጥፋ ትሰማለች፤ የማይሰበር ነገር እንዳለ በጆሮዋ ስትሰማው ትንቀጠቀጣለች፣ ከፍርሃት ይሁን ከአክብሮት ለራሷም አልገባትም።

ንግሥቷ እንቁላል መጣሏን አዩ። ልጆቹ እስኪፈለፈሉና እስኪያድጉ ጠበቁ። የመጨረሻው ምርመራ ቀን ሙሽሪት ክዳኑን ከፈተችና ወደ ኋላ አፈገፈገች።

«እርስዎ ይዩልኝ። እኔ አልችልም።»

ጀሪካኑ አጥሩ ሥር ተቀምጧል። ጋሽ ለብልብ ጓንታቸውን አወለቁ፣ በባዶ እጅ ፍሬሙን ስበው ወደ ፀሐይ ቀና አደረጉት። ከክፍል ክፍል፣ ከረድፍ ረድፍ ዓይናቸውን አሳለፉ። ቆዩ። ሙሽሪት ፊታቸውን እያየች ምንም ማንበብ አልቻለችም። አናፂው ከወዲያ «ጋሼ፣ ክብሪት ላምጣ?» ሲል እንኳ አልሰሙትም።

«አባባ፣ ምን ይታይዎታል?»

«ልጆች» አሉ።  «ነጫጭ ልጆች። ተኮራምተው፣ እርጥብ፣ እያንዳንዱ በየክፍሉ… ሙሉ ናቸው። አንድ የታመመ የለም።»

ቀረብ ብላ አየች። እውነት ነው፤ እያንዳንዱ ጨቅላ በወተት መሳይ ምግብ ላይ ተጠምዝዞ ያበራል። ጋሽ ለብልብ ዓይናቸውን አልነቀሉም። «ይኼን ሁሉ ዘመን ቀፎ ሳጸዳ ኖሬ» አሉ፣ «የሬሳ ገናዥ ነበርኩ። ሕፃኑን አላውቀውም ነበር። ባለቤቴ ነበረች የምታየው።» ንቦቹ በተሸበሸበው እጃቸው ላይ ይመላለሳሉ፣ አንዷም አልነደፈቻቸውም። «ሁለት ጊዜ አነደድንባቸው ሙሽሪት። ሁለት ጊዜ። የእኔ አንዴ ነው የነደደው፤ ከዚያ ወዲህ አንድ ፍሬም ሰቅዬ ቁጭ ብያለሁ።»

ሙሽሪት እንባዋን በትከሻዋ ጠረገች።

«ሌላ መንጋ ከመጣ» አሉ ሽማግሌው፣ «ለእኔ ያዢልኝ።»

«እሺ አባባ። አሁን ፍሬሙን ይመልሱት፤ ልጆቹን ይበርዳቸዋል።»

«አንድ ጊዜ» አሉ፣ «ትንሽ ልያቸው።»